ተራው የየኔታ ነው

ከጉንደ ወይን ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ኬላው ላይ ሚኒባሱን አስቆሙት። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ቦርሳዬን የፈተሸው ወታደር የትንፋሽ መለኪያውን አውጥቶ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው? ሬዲዮ ነው?»

«የትንፋሽ መለኪያ ነው።»

«የማንን ትንፋሽ?»

ሐኪም መሆኔን ነገርኩት። የሳንባ ምች ይዟቸው የዳኑ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሳንባቸው ምን እንደሚመስል እንደማጠና፣ ለዚህም በየገጠሩ እየዞርኩ ቱቦው ውስጥ እንደማስተነፍሳቸው አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ወደዚያ ቁም» አለኝ። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነበር። መስኮት የለውም። ማዳበሪያው ከወጣ ቢቆይም ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ክረምት ስለነበር ወለሉ ይረጥባል፤ ብዙ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። ፈራሁ ማለት አልችልም። ተናደድኩም ማለት አልችልም። ግድግዳውን ተደግፌ ሳሉን አዳመጥኩ። የማን ሳል ደረቅ እንደሆነ፣ የማን አክታ እንዳለው መለየት ጀመርኩ። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ነበሩ። እስረኛው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። በአንድ ክብረ በዓል ላይ ያሰሙት ቅኔ ወርቁ ሌላ ነው ተብለው ነው የታሰሩት።

«እውነት ነው ወይ የኔታ?» አልኳቸው።

«ወርቁን ያገኙት እነሱ ናቸው፤ እኔ ገና እየፈለግሁት ነው» አሉ። ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው።

ጋብ ሲልላቸው፣ ያ ወረርሽኝ አገሩን ያዳረሰ ጊዜ ታመው እንደነበር አጫወቱኝ። «ድኛለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ዳገት አልችልም። ስናገርም ትንፋሽ ያጥረኛል።»

ይህን ቃል በየመንደሩ ሰምቼዋለሁ። የማጠናው እሱኑ ነበር። አስፈቅጄ ጆሮዬን ጀርባቸው ላይ ለጠፍኩ። በቀኝ በኩል ከታች፣ ጨው እሳት ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ዓይነት መንጣጣት ይሰማል። ትኩሳታቸው በጋቢው አልፎ ጉንጬን ያሞቀኛል። በደከመው ሳንባ ላይ አዲስ ምች ገብቶባቸዋል።

ለጠባቂው ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው ነገርኩት።

«አይቻልም።»

«እንግዲያው ቀን ቀን እንኳ በሩን ክፈቱልን። አየር ያስፈልጋቸዋል።»

«ትእዛዝ የለም።»

አንድ ጠዋት የቦታው ኃላፊ ራሱ መጣ። አፉን በመሃረብ ይዞ ይስላል። በሌላ እጁ ከቦርሳዬ የወሰዱትን የልብ ማዳመጫ ይዟል።

«ዶክተሩ ማነው? ና፣ ደረቴን እይልኝ።»

ተነሣሁ። «አይዎታለሁ። ግን ተራው የየኔታ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ከእርስዎ ይልቅ የታመሙ ሰው አሉ። መጀመሪያ እሳቸውን አያለሁ፤ ከዚያ እርስዎን።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝም የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር። ሊናገር አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው፤ ጎንበስ ብሎ ረጅም ሳል ሳለ። ቀና ሲል ማዳመጫውን ዘረጋልኝ።

የኔታን አዳመጥኩ። ከዚያ እሱን አዳመጥኩ፤ የሌላውን ሰው ደረት እንደማዳምጠው፣ ሳልቸኩል። የእሱ ቀላል ነበር፤ እውነቱን ነገርኩት።

«እሳቸው ግን እዚህ ከቆዩ አይተርፉም።»

ኃላፊው የኔታን ትንሽ አያቸው። «ለራስህስ የምትጠይቀው የለም?»

«በሩ ይከፈትልን።»

ከቀትር በፊት የኔታን ሆስፒታል የሚያደርስ ፒክአፕ መጣ። ሁለት ፖሊሶች ሊያነሷቸው ሲሉ «ቆዩ ልጆቼ» አሉና ጥምጥማቸውን ፈትተው እንደ አዲስ መጠምጠም ጀመሩ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጨርቁን እንደያዙ ያርፋሉ፤ ደግሞ ይቀጥላሉ። ከኋላ ሆኜ ክንዳቸውን ደገፍኩ። ፖሊሶቹ ቆመው ጠበቁ። ሲጨርሱ ወደኔ ዞረው «እግዜር ያስፈታህ» አሉኝና በእግራቸው ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ እስኪመሽ ክፍት ሆነ። እኔን ከወራት በኋላ፣ ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። የኔታ ተርፈውና ተፈትተው መርጡለ ማርያም አካባቢ ዘመድ ዘንድ ገብተዋል። ሄጄ አይቻቸዋለሁ። የቀኝ ሳንባቸው ግርጌ ጠባሳ ሆኗል፤ አይመለስም። ይህንንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው በእስር ሳለን ስላጫወትኳቸው ልጆቼ ጠየቁኝ።

ዛሬም ጥናቱን አልተውኩም። ሳንባው የተጎዳ ሰው የሚጠየቀው የታወቀ ነው፤ ሲጋራ፣ የማድ ቤት ጭስ፣ የቀድሞ ሕመም። እኔ «ታስረው ያውቃሉ?» የሚል ጨምሬአለሁ። ብዙዎች መልስ ከመስጠታቸው በፊት ፊቴን ያጠናሉ። አላጣድፋቸውም። እኔም ታስሬ እንደነበር እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ ወንበሩን ወደኔ ጠጋ አድርገው ይጀምራሉ።