ከመጨረሻው ሰው አጠገብ

ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ የሚወጣውን የተቃጠለ ሽታ ታውቀው እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ሰሞን ስለ አመራር ክህሎት ሥልጠና ስንወስድ፣ ከአዳራሹ ውጭ ግንበኞች ድንጋይ ይጠርቡ ነበርና ሽታው በመስኮት ገባ። አሠልጣኙ፣ ሰው መምራት ያለበት በሌለው ሳይሆን ባለው ጥንካሬ እንደሆነ ያስረዳሉ። እኔ ግን ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዚያች በተራቆተች ኮረብታችን ላይ ነበርኩ።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነው፤ ዝናብ የከዳን ዓመት። የመንደራችን ሰው በቡድን ተከፍሎ እርከን ይሠራል፤ የቡድኑ ድርሻ ካላለቀ የእርዳታው ስንዴ አይሰፈርም። የመጀመሪያው አለቃችን ድምፀ መረዋ ፎካሪ ነበር። እሱ ሲያቅራራ ጉልበተኞቹ ሽቅብ ይሽቀዳደማሉ፤ ደካሞቹ ከታች ይቀራሉ። በጥድፊያ የተካበው ካብ ተንዶ አደረና ተቆጣጣሪው አልረከብም ብሎ ሄደ። በየቤታችን ጎተራው ባዶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በፎካሪው ምትክ ታላቅ ወንድሜን ሲሾሙ ፌዙ በረታ፤ ወንድሜ ይንተባተብ ነበርና። ፎካሪው፣ "እሱ ‘ጀምሩ’ ብሎ እስኪጨርስ ፀሐይ ትጠልቃለች" አለ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ ሹመቱን እንዲያስቀሩለት ሊለምን ወደ ደብሩ መሪጌታ ሄደ። አብሬው ነበርኩ።

"አንተ ልጄ፣" አሉት፣ "እኔ ማሕሌት ስመራ ወሬ አበዛለሁ? መቋሚያዬን አነሣለሁ፤ ሌላው ያነሣል። አንተ ካብ ታውቃለህ። በእጅህ ምራቸው።"

ይህን በአማርኛ ይበሉት ወይም በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና፣ ወይስ ከብዙ ዓመት በኋላ እኔው አሳምሬ በአፋቸው ያኖርኩት ይሁን፣ እርግጠኛ አይደለሁም። በማግስቱ ያየሁትን ግን አልጠራጠርም። ወንድሜ ከሁሉም ወደ ኋላ ከምትቀረው፣ ባሏ ከሞተባት ጎረቤታችንና ከአንድ ልጇ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ድንጋይ አነሣ፤ የድንጋዩን ፊት በመዳፉ ዳበሰ፤ አዙሮ አስቀመጠ። ከላይ የነበሩት ዞረው አዩት። አለቃቸው ከታች ሆኖ እነሱ ከላይ መቆማቸው አሳፈራቸው መሰለኝ፣ አንድ በአንድ ወረዱ። ሥራው በዚያች ሴት እርምጃ ልክ ሄደ፤ ካቡም ጸና። ስንዴው የተሰፈረ ዕለት የወንድሜን ጆንያ ተሸክሞ ቤታችን ያደረሰው ፎካሪው ራሱ ነበር።

"አለቃዬ፣ ዛሬም አትናገርም?" አለው። ወንድሜ ሳቀ።

በተከታዩ ዓመት ዝናቡ ደግሞ ቀረ። ወጣቶቹ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ባሕር ለመሻገር ሲመክሩ፣ እሱ ካልመራን አንነሣም አሉ። እናቴ እንዳይሄድ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። እሱ አንገቱን እንደደፋ ጫማውን አሠረ። ፎካሪውና የጎረቤታችን ልጅም ተከተሉት።

ክረምቱ ሲወጣ ፎካሪው ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን ተመለሰ። ያ ድምፁ ሰልሏል። ጠዋት ከደጃችን ተቀምጦ ለእናቴ ነገራት፦ የጎረቤታችን ልጅ ውሃ ጥም አድክሞት መራመድ አቃተው፤ ወንድሜም ወደ ኋላ ተመልሶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሌሎቹን በእጁ ሂዱ አላቸው።

"እኛም ሄድን፣ እትዬ" አላት።

ያን ጊዜ ወደ እሱ የተመለሰ ሰው አልነበረም።

እናቴ ወዲያው አላለቀሰችም። "ልጇ ብቻውን አልነበረም፤ ይህን ከእኔ ትስማ" አለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ ጎረቤታችን ቤት አመራች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ጎረቤታችን የተዘቀዘቀውን ነጠላ እንዳየች፣ የሞተው ወንድሜ ብቻ መስሏት፣ ሮጣ እናቴን አቀፈቻት፤ "እግዜር ያጽናሽ፣ እኅቴ" እያለች ጀርባዋን ትዳብሳት ጀመር።  እናቴ ያመጣችውን መርዶ በሆዷ ይዛ፣ አጽናንታት እስክትጨርስ ታገሠቻት።