ያሸገችልሽ ሐያት ናት

«ሽቶ ነው ያዘዝኩት ወይስ ካዝና? ይሄን ለመክፈት መጥረቢያ ላምጣ እንዴ?»

ባለፈው ሳምንት ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ቆማ እንዲህ አለችኝ። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላለች። በአንድ እጇ የኔን ካርቶን፣ በሌላው የወጥ ቤት ቢላዋ ይዛለች።

«ቢላዋው ይበቃል እህቴ። በጎኑ ክፈቺው» አልኳት።

ከፈተችው። ሦስቱ ብልቃጦች እንዳስቀመጥኳቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዷም ጠብታ አልጎደለባትም። እሷ ግን እሱን አላየችም። ያየችው ካርቶኑ መልከ ጥፉ መሆኑን ነው። «ሌሎቹ እኮ በሪቫን አስረው ነው የሚልኩልን» አለችኝ።

ሌሎቹን አውቃቸዋለሁ። የራሴን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ከእነሱ ዘንድ ሠርቻለሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም። ይህን ስናገር ከንፈር የሚመጥልኝ ሰው አይጠፋም፤ አትምጠጡልኝ። ውጤቱ በወጣ በሁለተኛው ወር ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ አንድ የሽቶ ቤት ሥራ አገኘሁ። ሕንፃው ሥር ኬክ ቤት ስለነበረ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስወጣ የቦንቦሊኖ ዘይትና የውድ ሽቶ ሽታ ተደባልቀው ይቀበሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ ቦንቦሊኖ ስበላ ሽቶ የቀመስኩ ይመስለኛል።

ሥራው እንዲህ ነው። ደንበኞች ይመዘገቡና በየወሩ ሦስት ዓይነት ሽቶ በትንንሽ ብልቃጥ ቤታቸው ድረስ ይላክላቸዋል፤ የወደዱትን በኋላ በትልቁ ይገዛሉ። እኔ ከትልቁ ጠርሙስ በመርፌ እየሳብኩ የጣት ርዝመት ባላቸው ብልቃጦች እሞላለሁ፣ ክዳናቸውን አጠብቃለሁ፣ ሳጥን ውስጥ አስተኛለሁ። አዎ፣ አስተኛለሁ። ሳጥኑ ስስ ነጭ ወረቀት ሆኖ ውስጡ ሳቲን የተነጠፈበት ስለነበር ብልቃጦቹ እንደ ሙሽራ ተጋድመው ነበር የሚሄዱት። በመጨረሻ አንዲት ካርድ እጨምራለሁ፦ «ይህን በፍቅር ያሸገችልሽ ሐያት ናት።»

ካርዷ የሽቶ ቤቱ ባለቤት ሐሳብ ነበረች። ማህሌት ትባላለች፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈጣን፣ የሚያምር ሳቅ ያላት ሴት። በመጀመሪያው ቀን «እትዬ» ስላት ደንግጣ፣ «እትዬ አትበይኝ! ማሂ በይኝ። እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» አለችኝ። «ደንበኛ ከሳጥኑ ጀርባ ሰው እንዳለ ማወቅ አለበት» እያለች ስሜን አሳተመችው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ፈተና የጣላት ልጅ ስሟን በወርቃማ ቀለም ታትሞ ስታይ ምን ይሰማታል?

ደስታዬ ግን አፌን አልዘጋውም። እናቴ ጎሮ እንቁላል ነጋዴ ናት። ከገጠር የሚመጣላት እንቁላል በጤፍ ጭድ ተቀብሮ ስንት ጉድጓድ ተሻግሮ ሳይሰነጠቅ ሲደርስ እያየሁ ነው ያደግኩት። እናቴ አንድ ሕግ ነበራት፦ «እንቁላል ከእንቁላል አይሳሳምም፤ ከሳጥኑም አይሳሳምም።» ስለዚህ በገባሁ በሳምንቱ፣

«ማሂ፣ ይሄ ሳጥን የጎሮን መንገድ አይችልም» አልኳት።

«ለምን?»

«ብልቃጦቹ ተኝተዋል፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ኮብልስቶኑ ክዳን ያላላል። ጠንካራ ካርቶን ይሁን፣ ቆመው ይሂዱ፣ ዙሪያቸው ጭድ ይጠቅጠቅ።»

ሳቋን ለቀቀችው። «ሐያትዬ፣ እኛ እንቁላል አይደለም የምንልከው። ስሜት ነው!»

ስሜት በሞተር ተጭኖ ጎሮ ይሄድ ጀመር። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ አልቆ ፀሐይዋ ጠዋት በሦስት ሰዓት አናት የምታቃጥልበት፣ ተቆፍሮ የተተወው መንገድ ሁሉ አቧራ የሚሆንበት ጊዜ። ዕቃውን የሚያደርሰው ሰይፉ የሚባል ሞተረኛ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ ቀልደኛ፣ ነገር ግን ሲነዳ ጥንቁቅ። ሲመለስ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ፣ «ሐያት፣ ዛሬስ ኩላሊቴን ጎሮ ጥዬው መጣሁ» ይለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ወር ምስጋና ጎረፈ። ማሂ በስልክ የከፈተችው የደንበኞች ግሩፕ ነበር፤ እዚያ ላይ ሴቶቹ፣ «ሳጥኑ ገና ሲከፈት ቤቱን ያውደዋል!» «ሳጥኑ ራሱ ሽቶ ነው!» ይሉ ነበር። ማሂ በደስታ ሰከረች። «መዓዛ ያለው ሳጥን ያለው እኛ ዘንድ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ አሠራች። ሳጥኑን መዓዛ ማን እንደቀባው አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ይህን ጥፋቴን አልደብቅም።

በሁለተኛው ወር ሌላ ወሬ መጣ። «ብልቃጡ ግማሽ ነው።» «የኔም ጎዶሎ ነው።» «የኔማ አንገቷ ድረስ እንኳ የለም።» ከዚያ አንዷ የካርዷን ፎቶ አንስታ ለጠፈች። «በፍቅር ያሸገችልን ሐያት በፍቅር እየቀዳችብን ነው» ብላ ጻፈችበት። ሥሩ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከሳቁ በታች ደግሞ «ሌባ ናት፣ አባሯት» የሚል ነበር።

ስሜ ነው። አባቴ ያወጣልኝ ስም። ፊቴን ላላየችው ሴት ሁሉ ሐያት ማለት ሌባ ማለት ሆነ።

ማሂ እኔንና ሰይፉን ጠራችን። ሰይፉ የራስ ቁሩን በብብቱ እንደያዘ፣ «እኔ የሴት ሽቶ ሸትቼ ብገባ ሚስቴ በሩን የምትከፍትልኝ ይመስልሻል?» አላት። እሱ እንዲህ ሲል ዓይኗ ወደኔ ዞረ።

«ቦርሳሽን ልየው?»

«ቤተሰብ ነን አላልሽም?»

«ሐያት፣ ነገር አታርዝሚ።»

ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። መስተዋት፣ የተጣጠፈ ሻርፕ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ለምሳ የያዝኩት የተጠበሰ በቆሎ። በቆሎው ተንከባልሎ ከእግሯ ሥር ወደቀ። አላነሳሁትም። ሰይፉ ጎንበስ ብሎ አነሳና በእጁ እንደያዘ ቀረ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ዕቃ ሲጎድል ሰው ከሳጥኑ በፊት የሚጠረጥረው ሰውን ነው፤ ያውም በእጁ የነካውን፣ ደመወዙ ያነሰውን። ጠንካራ ካርቶን ለሽቶው ብቻ መስሏችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። ለሚያሽገውና ለሚያደርሰው ሰው ምስክር ነው። የሚያፈስ ሳጥን ማንንም ሌባ ያደርጋል።

ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ጥበብ አልነበረኝም። ንዴት ብቻ ነበር። አንዷ ደንበኛ የመለሰችው ሳጥን ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበርና አንስቼ ሳቲኑን ከሥሩ ላጥኩት። ከሳቲኑ በታች ያለው ወረቀት አብጧል፣ ቢጫ ሆኗል። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

«ይኸውልሽ መዓዛ ያለው ሳጥንሽ!» አልኩና አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት።

«ሽቶ ቤት ውስጥ ያለ ሳጥን ሊሸት ይችላል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀንሷል።

«እንግዲያው ነገ እንፈትነው። አንቺው ሙዪ፣ አንቺው ዝጊ፣ አንቺው ፈርሚበት።»

በማግሥቱ ጠዋት ከእናቴ ሱቅ አንድ ፌስታል ጭድና አንድ ጠንካራ ካርቶን ይዤ መጣሁ። ታክሲ ውስጥ አንዱ፣ «እህት፣ በሬው የት አለ?» አለኝ። «አሁን ተናገረ» አልኩት፤ ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ማሂ ስድስት ብልቃጦች እስከ አንገታቸው ሞላች። ክዳናቸውን ራሷ አጠበቀች፤ ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ ጠመዘዘችው። ሦስቱን በሳቲኗ አስተኛች። ሦስቱን እኔ ዓይኗ እያየ በጭድ ውስጥ አቆምኳቸው፤ አንዷ ሌላዋን እንዳትነካ መካከላቸውን ጠቀጠቅኩ፣ ካርቶኑን ዘግቼ ነቀነቅኩት፤ ድምፅ የለም። ሁለቱንም በፕላስተር አሸግን፤ በፕላስተሩ ላይ ፈረመችበት። ሰይፉ ሁለቱንም ሞተሩ ላይ ጭኖ በጎሮ በኩል ቡልቡላ ደርሶ እንዲመለስ ላክነው።

እስኪመለስ ምንም አልሠራሁም። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ መንገዱን አየሁ። ብልቃጦቹ ሁሉ ሙሉ ሆነው ቢመለሱ ሌባነቴ በፊርማ መጽደቁ ነበር።

ሰይፉ ከምሳ በፊት ደረሰ። ፊርማው አልተነካም። ማሂ መጀመሪያ ነጩን ሳጥን ከፈተችው። ክፍሉ በአንዴ ታወደ። ከሦስቱ ብልቃጦች የሁለቱ ክዳን ላልቷል፤ አንዷ ወገቧ ላይ ደርሳለች። ከዚያ የኔን ከፈተች። ጭዱን በጥፍሯ እየገለጠች አንድ በአንድ አወጣቻቸው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻቸው። ሙሉ ናቸው። ጭዱ ጭድ ጭድ ይሸታል።

ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ ያቺን የሚያምር ሳቋን አመጣቻት።

«ሐያትዬ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ! ከነገ ጀምሮ ሁሉም በጠንካራ ካርቶን ይሄዳል። የማሸጊያው ኃላፊ አንቺ ነሽ።»

«ጥሩ። አሁን ግሩፑ ላይ ጻፊላቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ሳጥኑ ነው ያፈሰሰው፣ ሐያት አልሰረቀችም ብለሽ።»

«እንዴ! ‹መዓዛ ያለው ሳጥን› ብለን አስነግረን? ይስቁብናል እኮ!»

«በኔ ሲስቁ አንብበሻል።»

ወንበሯን ወደኔ ሳበች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ ነገሩ አልቋል። ትናንት ማታ ‹ሠራተኛዋን ቀይረናል› ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፤ ተረጋግተዋል። አንቺ የትም አትሄጂም፣ ውስጥ ሆነሽ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። ካርዱ ላይ ብቻ ሌላ ስም እናደርጋለን። ሃና... ወይ ቤቲ። የትኛው ደስ ይልሻል?»

ሰይፉ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ኧረ ማሂ» አለ።

«አንድ ስም ምን አላት?» አለችኝ።

«ምንም የላትም» አልኳት። «ያንቺን ጻፊበት።»

«ሐያት፣ ልጅ አትሁኚ።»

«ይቅናሽ፣ እትዬ ማህሌት።»

ጋዋኔን አውልቄ ሳቲኑ ላይ ጣልኩና ደረጃውን ወረድኩ።