በዘር ቆጠራ የቀናሁበት እንግዳ

ፊደል ለይቼ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልተማርኩም። ዘር ግን እቆጥራለሁ። በከተማችን በግራና ዙሪያ ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል። የሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሬ፣ ከተዛመዱ አይሆንም እላለሁ፤ በቃ።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ የባለቤቴ የእህት ልጅ ሸሽቶ ቤታችን ገባ። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ሻንጣውን ብንከፍተው ልብስ የለበትም፤ ወረቀት ነው። የኮሮና ቫይረስ የዘር ሐረግ እንደ ዛፍ፣ ከግንድ ቅርንጫፍ እየወጣ የተሳለበት ነው አለን። ቫይረሱ ሰው ላይ የሚጣበቅበት ፕሮቲን አሠራሩ በፊደል ይጻፋል አሉ፤ ፊደሉ የት እንደተለወጠ አይተው የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ ይለያሉ።

«ስንት ቤት ትቆጥራላችሁ?» አልኩት።

«እስከተገኘ ድረስ ነው አባባ። የሌሊት ወፍ ላይ እስካለው ዘመዱ እንሄዳለን።»

ባለቤቴ ሳቀች። «አየህ፣ ያንተ ሰባት ላይ ይቆማል» አለችኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠመድኩት። ጎረቤቱ ግቢዬ ሲገባ ለእኔ ሰላምታ ይሰጥና ወረቀቱን ከቦ ይቀመጣል። እኔ ስቆጥር ማንም እንዲያ ጸጥ ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ልጇን ለመርሳ ከተማ ልጅ ልትድር መጣች። ወታደር በሞላበት አገር ልጃገረድ ይዛ መቀመጥ ፈርታለች፤ የልጁ ቤተሰቦች ደግሞ በሳምንቱ ሊሸሹ ነው፣ ልጅቷ ከተዳረች ይዘዋት ይሄዳሉ። ቆጠርኩ። ስድስተኛው ቤት ላይ በሁለቱም ወገን አንድ ስም መጣ።

«ዘመድ ናቸው፤ አይሆንም» አልኩ።

እንግዳው ከጥግ ተናገረ። «ይቅርታ አባባ፣ ያ ስም ያላቸው የሁለቱ ሰዎች አባትስ አንድ ነው?»

«ስሙ አንድ ነው አልኩህ እኮ።»

«እኛም ዘንድ አንድ ፊደል ብቻ ያሳስታል። የቅርብ ዘመድ ሳይሆኑ ሁለት ቫይረሶች ላይ ያው ለውጥ በየፊናው ይመጣል። ስለዚህ ግራ ቀኙን ፊደል ሁሉ እናያለን።»

«ክርስቲያን ጉንፋን አይደለም» አልኩት።

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞረች። «ልጄ፣ እስቲ አንተ ቁጠርልኝ።» በገዛ ቤቴ።

«እኔ የናንተን ዘር የት አውቄ? የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አላት። ትሕትናው ይባስ አቃጠለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ አባታቸውን አልጠየቅኩም ነበር። ስሙ ሲገጥም አቆምኩ። እሱ ባይናገር ኖሮ እኔው አጣራው ነበር፤ እሱ ስለተናገረ ግን ሁለት ቀን ዝም አልኩ። የሰው ልጅ ዕድል ይዤ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ውርጌሳ ድረስ በእግሬ ሄጄ እዚያ የሚኖሩትን የልጁን ወገን አሮጊት ጠየቅኩ። ያ ስም ያለው የእነሱ ሰውዬ ከአምባሰል የመጣ ነው አሉኝ፣ አባቱንም ጠሩልኝ። የልጅቷ ወገን ሰውዬ ግን የዚሁ የእኛው አገር ሰው ነው፤ አባቱም ሌላ። ስማቸው ገጠመ እንጂ ሁለት ሰው ናቸው።

ስመለስ ሴትዮዋ የልጇን ልብስ ጠቅልላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

«ዳሪያት። አይዛመዱም» አልኳት።

ጉልበቴን ሳመች። ቀና ስትል «ያ ልጅ ብሎ ነበር እኮ» አለች።

ሠርጉ ያለ ከበሮ በጠዋት ሆነ። የልጅቷ እናት የመጀመሪያውን ዋንጫ ጠላ ለእንግዳው ሰጠችው። እሱ በሁለት እጁ ወደ እኔ አቀረበው። ተቀብዬ ጨለጥኩት። ግማሹ የእሱ እንደነበር አውቃለሁ፤ አላካፈልኩትም።