በረዶ የሚተፋው ትራክተሬ

ሰው በረዶ የሚጠርግ ማሽን የሚሠራው ደጁን ለማጽዳት ነው። እኔ የሠራሁት ጎረቤቴን ለመቅበር ነው።

እኔና እሱ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር የምንኖር ያገር ልጆች ነን። አምና እናቴ ካገር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገባበት ጠዋት በረዶ ጣለ። ይህ ሰው የራሱን ደጅ ጠርጎ፣ በረዶውን ሁሉ ከመኪናዬ ኋላ ከመረው። እኔ ያንን ቁልል በአካፋ ስዝቅ፣ እናቴ ቋንቋው በማይገባት ኤርፖርት ዊልቸር ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ስጮኽበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሶ ምን ላድርግህ? በረዶ ነው፣ ይቀልጣል።»

ያቺ ቃል አንጀቴ ውስጥ ቀረች። ቱክዊላ ጋራዥ ውስጥ ስለምሠራ ብየዳ አያቅተኝም። ታኮማ ሄጄ ሣር የሚያጭድ ትንሽ አሮጌ ትራክተር ገዛሁ። ላሜራ በክብ በክቡ ቆርጬ፣ እየጠመዘዝኩ ቧንቧ ላይ በየድኩት፤ በሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ በቺንጊያው፣ ሲሽከረከር በረዶውን እየዛቀ ወደ መሃል ይሰበስባል። መሃል ላይ ወደ ላይ የሚወረውር መቅዘፊያ፣ ከሱም በላይ ከበርሜል የሠራሁትን መትፊያ አንገት አቆምኩ። አንገቱ እንደ ልቤ እንዲዞር የለፋሁትን ያህል ለሌላው አልለፋሁም። ስሞክረው ሁልጊዜ ወደሱ ቤት ነበር የማዞረው።

«ይሄ ነገር ለምንድነው ልጄ?» ትለኛለች እናቴ።

«ለደጃችን» እላታለሁ።

ሲያትል ግን ዝናቧን እንጂ በረዶዋን በቀላሉ አትሰጥም። ሰው ሁሉ ፀሐይ ሲመኝ እኔ በረዶ ስመኝ ከረምኩ። በመጨረሻ ጣለ፤ እስከ ጉልበት። ሞተሩን ላስነሳ ስወጣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች።

«አገር ቤት ያሉት የጎረቤትህ እናት አርፈዋል። ሽማግሌዎች በእግራቸው መጥተው አረዱት። ለቀስተኛው በምን ይግባ? ሂድና ደጁን ጥረግለት።»

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ስንት ጊዜ የለፋሁበት በቀል በመርዶ ይበላሽ? ግን በኛ ዘንድ የተጣሉትም ሰው ለቅሶ ይደረሳል፤ እናቴን ደግሞ እንቢ አልላትም። ሄጄ አስፋልቱ እስኪታይ ጠረግኩለት። ለቀስተኞቹ «ተባረክ» እያሉኝ ገቡ።

ብቻ፣ በረዶው አንድ ቦታ መውደቅ አለበት። አንገቱን ቀስ አድርጌ ወደ አዲሱ መኪናው አዞርኩት። ጎማው ጠፋ፣ መስታወቱ ጠፋ፣ ጣራው ጠፋ። ሐዘን የተቀመጠ ሰው የት ሊሄድ መኪና ያምረዋል? ብዬ ደስ አለኝ።

ከእናቴ ጋር ለቅሶ ቤቱ ገብቼ «እግዜር ያጥናህ» አልኩት። በመስኮት መኪናውን አየ፣ እኔን አየ።

«ማታ ወደ አገር ቤት እበራለሁ» አለ። «ቀብሯ ላይ ባልደርስም መቃብሯ ላይ ላልቅስ። ኤርፖርት በምን ልሂድ?»

የሱው የአምና ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር። እናቴ ቀደመችኝ።

«የኔ ልጅ ያደርስሃል።»

ደጄን ጠርጌ በመኪናዬ አደረስኩት። መንገዱን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጦ አለቀሰ። የሱን መኪና ግን ከበረዶው አላወጣሁለትም። በረዶ ነው፣ ይቀልጣል።