ሞጣ ላይ የሳቅሁት ሳቅ

ማክሰኞ፣ ከቢቸና

ከቢቸና የተነሣሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የጉዞዬ ዓላማ የሞጣ ሕፃናትን ድራማ ማስተማር ነበር። በወጣትነቴ በቀበሌ ኪነት ሦስት ጊዜ ሞቼ ሁለት ጊዜ አግብቻለሁ፤ በመድረክ ማለቴ ነው። ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ አማርኛ አስተምሬአለሁ።

የጠራችኝ ስመኝ ናት። ቢቸና አስተምሬያት ዛሬ ሞጣ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆናለች። የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት መጥቶብናል፤ መምህራኑ መጽሐፉን ከማንበብ በቀር የሚያሳዩት ጠፍቷቸዋል፤ ጥቂት ቀን ይምጡልን አለችኝ። ወዲያው ተስማማሁ። በስልክ ግን ጥቂት አቅማማሁ፤ በአንድ ቃል እሺ ካሉ ሥራ ፈትነት ይታወቃል።

መናኸሪያ ውስጥ አባዱላው ሞላ ከተባለ በኋላ ሦስት ሰው ተጨመረ። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ሃምሳ ብር ሲጠይቅ በሽማግሌ ድምፅ ተቆጣሁ። ቀጣዩ መኪና ከሰዓት በኋላ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። ከፈልሁ።

በግራችን ጮቄ ደመና እንደ ሻሽ ጠምጥሟል፤ በቀኛችን ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ያዘቀዝቃል። ደብረ ወርቅን አልፈን ጉንደ ወይን ስንቆም ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በመስኮት ገዛሁ፤ አምስቱ በሃያ ብር። አጠገቤ ለተቀመጠችው ነርስ አካፈልኋት። ከወለጋ ተመድባ የመጣች ናት። ሞጣ ምን ሊያስተምሩ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰው ማየት» አልኋት እየተንጠባረርሁ።

«እሱንማ ያውቁበታል፣ አባባ። እኔ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ስንት እንጀራ እንደምበላ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።»

ሳቅሁ። ማሰብ ነበረብኝ። አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈትሸን፣ በኮረኮንቹ እየነጠርን፣ ቀትር ላይ ሞጣ ገባን።

ረቡዕና ሐሙስ

አምስተኛ ክፍል ስልሳ ልጅ ጠበቀኝ። ሸክም የከበደው ሰው አካሄድ፣ ጫማ የጠበበው ሰው አካሄድ፣ አበዳሪውን ሲያይ መንገድ የሚለውጥ ሰው አካሄድ አሳየኋቸው። የመጨረሻው ከራሴ ልምድ ነው። ልጆቹ ከሣቁ ወዲያ እኔን ማን ይመልሰኛል! የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ ከቤታችሁ አንድ ሰው ምረጡ፣ ማንም አያየኝም ብሎ ሲያስብ የሚያደርገውን አይታችሁ ነገ አምጡልኝ።

ይህን የቤት ሥራ ዕድሜ ልኬን ሰጥቼዋለሁ። ቢቸና ያስተማርኋቸው ግን ጎረምሶች ነበሩ፤ ብልጦች ስለሆኑ የጎረቤት ሰው ያመጡልኛል። ሕፃን የታዘዘውን ያደርጋል።

በማግስቱ ጠዋት አትጠገብ የምትባል የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ወጣች። ስታሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ የወላጆች ስብሰባ ስለነበር እሷን መረጥሁ። ማንን ነው ያሳየሽን ብዬ አልጠየቅኋትም። የታየኝ ጭብጨባው ነበር።

ወላጆቹ ተሰበሰቡ። አትጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወረቀት አወጣች፤ ራቅ አድርጋ ያዘችው፤ ከንፈሯን አነቃነቀች፤ ግንባሯን ቋጠረች፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በወፍራም ድምፅ እንዲህ አለች፦ «መነጽሬን ረስቼዋለሁ። ግድ የለም፣ ጥሩ ተጽፏል። የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ከዚያ መምህራኑ ሳይቀሩ ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሣቅሁት እኔ ነኝ። «ድገሚያት!» አልሁ። ደገመችው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ጎልማሳ ባርኔጣውን አነሣና ማንንም ሳያይ ወጣ። አባቷ ነበር፤ አቶ አልማው፣ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ።

ዓርብ

አትጠገብ ቀረች። አቶ አልማው የኮሚቴውን ማኅተም በሰው መልሶ ላከ፤ ልጄ ማላገጥ የሚያስተምር ቤት ከእንግዲህ አትገባም ብሏል። ስመኝ አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። አራት ዓመት ኮሚቴውን መርቷል፤ የስድስተኛ ክፍልን ጣሪያ እንጨት በትከሻው ያመጣ እሱ ነው። ማንበብ እንደማይችል ከቤቱ ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«እኔም እኮ ሥቄ ነበር» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። አላጽናናችኝም።

ቅዳሜ

በአገራችን ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳይ አውርድ እስኪለው አያወርድም። ስመኝ ሽማግሌ ልጨምርልዎ አለችኝ፤ ሽማግሌውም ጥፋተኛውም እኔ ነኝ ብዬ ብቻዬን ሄድሁ። መንገድ ዳር አራት ድንጋይ አነሣሁ፣ ጣልሁ። አምስተኛው ተስማማኝ። ደጁ ስደርስ ጎበጥሁ፣ አቃሰትሁ፣ ጉልበቴን አንቀጠቀጥሁ። መድረክ ላይ የካርቶን ድንጋይ ተሸክሜ ሕዝብ ያስለቀስሁ ሰው ነኝ።

አቶ አልማው ወጥቶ ቆሞ አየኝ። ድንጋዩን ከትከሻዬ በአንድ እጁ አነሣው።

«ጋሼ፣ በዚህች ነው እንዲህ የሚያቃስቱት?»

ምድር ብትከፈት በገባሁ። አትጠገብ ከበሩ ኋላ ታየናለች።

«ልጅ የታዘዘችውን ነው ያደረገች። ድገሚ ያሏት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ወደ ቤት አስገባኝ። ከአልጋው ሥር አንድ የወፈረ ፋይል አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ቅጂ ነው። «ይህን ሁሉ ፈርሜአለሁ» አለኝ፤ «ምን እንደ ፈረምሁ ያንብቡልኝ።»

አነበብሁ። ድምፅ ሳላሳምር፣ እጄን ሳላወናጭፍ፣ እንደ ተጻፈው። የአጥር ጉዳይ፣ የውኃ ጉዳይ፣ የዴስክ ጥገና። አንዳንዱ ላይ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዱ ላይ «ይህንንስ አላልሁም» አለ። የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ደረስሁ። ድራማ የሚያሠለጥን መምህር ከቢቸና እንዲመጣ ኮሚቴው ተስማምቷል ትላለች። መጀመሪያ የፈረመ እሱ ነው።

«ይችን ይድገሙልኝ» አለ።

ደገምሁለት።

«እንግዲያስ የጠራሁዎ እኔ ነኛ።» ሣቅ የመሰለ ነገር ከደረቱ ወጣ፤ ዓይኑ ግን አልሣቀም። ቆይቶ፣ ሰኞ ልጅቱ ትምህርት ቤት ትሄዳለች አለኝ። ማኅተሙን ግን ሌላ ይያዘው አለ። ለምኜ አልተሳካልኝም።

አትጠገብ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ስንለያይ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ግን ጥሩ አድርጌው ነበር?»

አርባ ዓመት ያላየሁት ችሎታ ነበር። ጥሩ ነበር ብዬ እውነቱን ነገርኋት። ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኋት። «ሁለተኛ አላደርገውም» ብላ እየሮጠች ተመለሰች።

እሑድ፣ ቢቸና

በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። በመንገዱ ከማንም ጋር አላወራሁም፤ ለእኔ ይህ እንደ ጾም ነው።

ሰዎች ማንም አያየኝም ብለው የሚያደርጉትን ማየት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነኝ። ያዩትን ለባለቤቱ ትቶ መውጣትን ግን አላስተማርሁም፤ እኔም አልተማርሁትም ነበርና።

የቢቸና ጓደኞቼ ከመናኸሪያው ማዶ ጠጅ ይዘው ጠበቁኝ። ከጉዞ ስመለስ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ቀድቼ ማሳየቴን ለምደዋል። «እስቲ የሞጣን ሰው አምጣው» አሉኝ። አቶ አልማው እጄ ላይ ነበር፤ የወረቀቱ አያያዝ፣ የግንባሩ መቋጠር፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ።

«ማንንም አላየሁም» አልኋቸውና እጆቼን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።