ጠመኔው በእኔ እጅ ነበር

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ የልጄ መኪና ጎማ ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ቆመን ሳለ፣ ሰውየው በአየር የሚሠራውን መፍቻ አንስቶ የጎማውን ማሰሪያ ዳዶዎች ጠርርር ሲያደርጋቸው፣ ያ ድምፅ ከጋለ ጎማ ሽታ ጋር ተደባልቆ ቡሬ፣ አባቴ ደጅ አደረሰኝ።

አባቴ ከመንገዱ ዳር፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የጭነት መኪና ጎማ ይጠግን ነበር። ቃል አያበዛም፤ ለዳዶ ግን ሥርዓት ነበረው። አንዱን ካሰረ የጎኑን ትቶ የፊት ለፊቱን ያስራል፤ መኪናውን ያነሳው ክሪክ ወርዶ ጎማው መሬት ሲረግጥ ሁሉንም በረጅሙ የእጅ መፍቻ ደግሞ ያጠብቃል። በመጨረሻ እኔ ከትምህርት ቤት ባመጣሁት ቁራጭ ጠመኔ ከየዳዶው እስከ ቸርኬው ብረት መስመር አሰምራለሁ። መንገድ ላይ መስመሩ ተዛንፎ ከታየ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው። በርበሬ ጭነው የሚወጡ ሾፌሮች ያችን መስመር ሳያዩ አይነሱም፤ “ጸሐፊዋ የት ሄደች?” እያሉ ያስጠሩኝ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አጎቴ ከመንገድ ሥራ ካምፕ ያገለገለ ኮምፕሬሰርና የአየር መፍቻ ገዝቶ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ድምፁን የሰሙ የገበያ አህዮች ጭነታቸውን እየጣሉ ሸሹ፤ አጎቴም ይህን እንደ ምስክር ወረቀት ቆጠረው።

አንድ ቀን አባቴ ለቅሶ ሄዶ ሳለ፣ በርበሬ የጫነና አምስት ነጋዴ ሴቶች ከላይ የተቀመጡበት መኪና የኋላ ጎማ ሊያስቀይር ቆመ። አጎቴ ጎማው በክሪክ እንደተንጠለጠለ ዳዶዎቹን ዙሪያውን በተርታ አሰረና መኪናውን አወረደ።

“አስምሪ” አለኝ።

“አጎቴ፣ በእጅ ገና ነው።”

“ይኼ ብረት የአባትሽን ክንድ አሥር ጊዜ ያስከነዳል። አስምሪ እቴ፣ መንገደኛ አታጉላዪ።”

ጠመኔውን ከኋላዬ ደበቅሁ። ከላይ አንዷ ሴት፣ “ምን ያለችው ግትር ናት፤ የጅጋ ገበያ ሊበተንብን ነው” አለች። ሾፌሩ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ሞተሩን አጠፉና “ያለ መስመር አልሄድም። አባቷ ይምጣ” አሉ። አጎቴ ሳቀ። እኔ ግን አባቴ የሚመጣበትን መንገድ እመለከት ነበር፤ ተሳስቼ ከሆነ አባቴን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው።

አባቴ ደርሶ ነገሩን ሲሰማ ጋቢውን ሳያወልቅ ረጅሙን መፍቻ አነሳ። የመጀመሪያው ዳዶ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ግማሽ ዙር ዞረ፤ ትይዩው ሙሉ ዙር። ያን ጊዜ ሴቶቹ ማንም ሳያዛቸው አንድ በአንድ ወረዱ።

አባቴ ሁሉንም አላልቶ እንደ ሥርዓቱ አሰረ። የአየር መፍቻውን አልነቀፈም። “ለመጀመሪያው ይሁን፤ ለመጨረሻው ክንድ ነው” ብቻ አለ። የመጨረሻው ዳዶ ሲቀር መፍቻውን ለእኔ አቀበለኝ። በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፤ ጠበቀ። መስመሩን አሰመርኩ። ሾፌሩ ጎንበስ ብለው መስመሩን ካዩ በኋላ ሞተሩን አስነስተው ሄዱ።

አባቴ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ጥላውም ፈርሶ ሱቅ ተሠርቶበታል። እኔ ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ በመንግሥት ቢሮ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ። ሞተር አጥፍቶ የእጄን መስመር የጠበቀ ሰው ግን አልገጠመኝም።