ያ ድምፅ የእኔ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ስንት ጊዜ ቀርቤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ዘርግፌ፣ ይህችን ብቻ ይዤ ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። እንድታዝኑልኝም አይደለም።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን አንዷ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። መቶ ያህል ነን። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ተሰልፈን ስናጠና ከበሮው ደረት ውስጥ ይገባል። የእኔ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከፍ ሲል ከዜማው ይወጣል። ያኔም አውቀው ነበር። ታዲያ ድምፁ ያላማረ ሰው እግዚአብሔርን አያመስግን ያለው ማነው? በዚህ በኩል ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። የምጠየቀው በሌላው ነው።

አጠገቤ የምትቆመው ትርንጎ ነበረች፤ ከከላላ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ከመዘምራኑ በቀር ከተማው ውስጥ ሰው የሌላት ልጅ። ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀር የመዝሙር ኃላፊያችን ወንድም ጌታነህ ከበሮውን አስቆመና "አንድ ድምፅ እያበላሸብን ነው" አለ። እንደገና እያስዘመረን፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ በየረድፉ መሐል አለፈ። ወደ እኛ ሲቃረብ ድምፄን ዋጥኩ፤ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። አለፍ ሲል ደግሞ ለቀቅኩት። ሰውየው ግራ ገባው። ተመልሶ መጣና፣ ነባሯ እኔ ነኝና፣ "አንቺ አጠገቧ ነሽ፤ ትርንጎ ናት?" ሲል ጠየቀኝ።

"አዎ፣ እሷ ናት" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ፤ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ፈርቼ ነው ልበል? እሷስ አትፈራም ነበር? ትርንጎ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም፤ የራሷን ጉሮሮ ነው የነካችው። አመነችኝ።

"ዘንድሮ ምንጣፍ ታነጥፊያለሽ፣ እህቴ፤ እሱም አገልግሎት ነው" አላት ወንድም ጌታነህ። ክፉ ሰው ስላልሆነ ቀስ ብሎ ነው ያላት።

በጥምቀት ዕለት ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ እየጠቀለለች፣ ወደፊት እየሮጠች እያነጠፈች በፊታችን ተመላለሰች። እኔ ነጭ ለብሼ ፊተኛው ረድፍ ላይ አሸበሽባለሁ። መዝሙሩ አማረ። ለምን አያምር? እኔ ቃል አልተነፈስኩማ! ውሸቴ እንዳይታወቅ ከባሕረ ጥምቀቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። "ይኸው ተስተካከለ!" ሲባል ትርንጎም ቆማ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ጥናት አልመጣችም።

እኔ ግን ቀጠልኩ። ቆይቼ ድምፄን ቀስ በቀስ መለስኩት፤ ማንም ልብ አላለም።

ዘንድሮ ለሥራ ከላላ ሄጄ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። ሕዝቡ ሲዘምር እሷ ታጨበጭባለች እንጂ ከንፈሯ አይላቀቅም። ስንወጣ ለምን እንደማትዘምር ጠየቅኳት፤ በምን አፌ እንደጠየቅኳት እኔም አላውቅም።

"አይ እቴ፣ የኔን ድምፅ ታውቂው የለ!" አለች እየሳቀች። "ለዚህች ልጅ እንኳ እሹሩሩ ስል አፍራለሁ።"

መናገር እችል ነበር። አጠገቤ ነበረች፤ ቸኩላም አልነበረም። እኔ ግን የልጇን ጉንጭ ሳምኩና "አብሽሪ" አልኳት። አብሽሪ!

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። እግዚአብሔር ይፍታሽ ለማለት የቸኮለ ካለም ይተው። ትርንጎ ከላላ ውስጥ ልጇን በዝምታ እያስተኛች፣ እኔ ልፈታ አልፈልግም።